የገጠር ሴቶች ንግድ በኢንተርኔት፦ ሒሳቡ የሚከፈተው በማን ስም ነው?

የገጠሯ ሴት ገበያ ለረጅም ዘመን ሲለካ የኖረው በእግር መንገድ ነው። ቅቤውን፣ ማሩን፣ እንቁላሉን፣ በርበሬውን ወይም ፈትሏን ተሸክማ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ገበያ ስትደርስ ነጋዴው የሚቆርጥላትን ዋጋ ሰምታ ትከራከራለች፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ክርክሩን ትተዋለች። የተሸከመችውን ተሸክማ ከመመለስ በተባለው ዋጋ ሸጣ ልጆቿ ዘንድ ለመድረስ ትጣደፋለች። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓቱን ይጠብቃል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ አሮጌ የገበያ ሥርዓት ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ገብቷል። በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ከተሞች በርከት ያሉ ሴቶች የሱቅ ኪራይ ሳይከፍሉ፣ በእጅ ስልካቸው ብቻ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ አማካይነት ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ስፌትና የመሳሰለውን ይሸጣሉ። ገዥው ፎቶግራፉን አይቶ ያዛል፤ ዋጋውን በስልክ ይልካል፤ ዕቃው በሞተረኛ ወይም በአውቶቡስ ይደርሰዋል። ገዥው ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚሆንበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። በተለይ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ሰሞን ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ ይበረክታል።

ይህ ሁሉ የከተማ ሴቶች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ዕቃ ከየት እንደተነሣ ቢጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ገጠር ነው። በርበሬው በማረቆ፣ በሃላባ ወይም በቡሬ ለቅማ ያደረቀችው ሴት አለች። ቀሚሱ ከሸማኔው መቃ ከመድረሱ በፊት ጥጡን ባዝታ፣ በእንዝርት የፈተለችው ሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ አካባቢ የመሠረተችው ሶል ሬብልስ የተባለው የጫማ ድርጅት ስሙ በዓለም የታወቀው፣ የበረባሶን ሐሳብ ወስዶ ሶሉን ከአሮጌ ጎማ፣ ላዩን ከእጅ ፈትልና ከእጅ ሽመና እየሠራ በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ ገዥ በማቅረቡ ነው። ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋመችው ለምለምም መነሻው የኢትዮጵያ ሸማኔ ጥበብ ነበር። እንዲህ ያለው ንግድ የሚጀምረው ከእንዝርቱ ስለሆነ ትርፉ እስከ እንዝርቱ ድረስ ምን ያህል ይወርዳል የሚለው ጥያቄ የገጠር ማኅበራትን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በገበሬ ማኅበር ስም የሚጠሩትም ሆኑ ዛሬ በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበር አመራር ላይ ያሉት መሪዎች በዚህ ጉዳይ ከሚያስቡት የበለጠ ሥልጣን አላቸው።

መሣሪያው ከሞላ ጎደል ተዘርግቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ላይ ያዋለው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመዘገቡት ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ተከትሎ ገብቷል። በቴሌብር ገንዘብ ለመቀበልና ለመላክ የግድ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልግም፤ በተራው ስልክ *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205ም፣ አንድ ውል በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተደረገ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ማንበብና መጻፍ ያልቻለች ሴት ደግሞ በቴሌግራም ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች፤ መልሱንም በድምፅ ትሰማለች። ይህን መላ ያስተማራት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የምትውል ልጅዋ ናት።

የገንዘብ ዝውውሩ በስልክ መሆኑ ብቻውን ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የጎረቤት አገር ኬንያ ታሪክ ያሳያል። ኤም-ፔሳ በዚያች አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ አገልግሎቱ 194 ሺህ ያህል ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣና 185 ሺህ ያህል ሴቶች ዋና ሥራቸውን ከእርሻ ወደ ንግድ እንዲያዛውሩ እንዳስቻለ ገምተዋል። ለውጡ ጎልቶ የታየው በሴቶች በሚመሩ ቤተሰቦች ነው። ልብ ሊባል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሴቶች ያገኙት በስማቸው የተከፈተ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጥቂት በጥቂት የሚያስቀምጡበት የገንዘብ ቤት ነው። መሬት አልተጨመረላቸውም፤ ላምም አልተሰጣቸውም።

የእኛ አገር የገጠር ኑሮ ግን በስም ጉዳይ አንድ ጊዜ ስሕተት ሠርቶ ለማረም ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31፣ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። ቃሉ ይህ ሆኖ ሳለ በማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው፤ ኃላፊ የተባለውም አባወራው ነው። ባል ያላት ሴት በራሷ ስም አባል ሆና የተቆጠረችበት ቦታ እምብዛም አልነበረም። መዝገቡን የጻፉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ አንድ ቤት አንድ ስም ይበቃል ብለው ነው። ውጤቱ የታየው ባል ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ ወይም የባል ወንድም ድንበር ሲገፋ ነው፤ ያን ጊዜ ሴቲቱ ይህ መሬት የኔም ነው የምትልበት ወረቀት አልነበራትም። ነገሩ መቃናት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን እንዲወጣ ተደረገ፤ ሌሎች ክልሎችም በየአቅጣጫው ተከተሉ። በትግራይ ቀደም ብሎ የታደለው ወረቀት ግን በቤተሰብ ኃላፊው ስም ብቻ የወጣ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. እስከዚያ ጊዜ የተቆጠረው ዘመን አንድ ትውልድ ተወልዶ ጎጆ የሚወጣበት ነው።

ያ ስሕተት በሌላ መልክ ዛሬ እየተደገመ ነው። በብዙ የገጠር ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ ሲም ካርዱም የወጣው በባል ስም ነው። ሴቲቱ ድርቆሿን ወይም ፈትሏን ለከተማዋ ነጋዴ ልካ ገንዘቡ ሲመጣ የሚገባው በባል ሒሳብ ነው። ባል ደግ ከሆነ ያስረክባታል። ደግነቱ ግን ከሒሳቡ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ የሚጻፈው ገንዘቡን የተቀበለው ሰው ስም ነው። ይህም ቀላል ነገር ተደርጎ እንዳይታይ አንድ ምክንያት አለ። ቴሌብር በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አስጀምሯል። እንዲህ ዓይነቱ ብድር የመሬት ደብተር ወይም ዋስ አይጠይቅም፤ የሚያየው በዚያ ስልክ ቁጥር ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የቆየበትን ታሪክ ነው። እንግዲህ ሴቲቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትነግድ ቆይታ ብድር ለመጠየቅ ብትነሣ፣ በመዝገቡ ላይ ነጋዴ ሆኖ የሚታየው ባሏ ነው። እርስዋ አንድም ቀን አልነገደችም።

በዚህ ላይ የሚሰነዘረው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ለሴት የራስዋ ሒሳብ ማውጣት ቤት ማፍረስ ነው የሚል ድምፅ በየስብሰባው ይሰማል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ በማንም ስም ቢገባ የጋራ ሀብት መሆኑንና ባልና ሚስት በጋራ እንደሚያስተዳድሩት ይደነግጋል። በሚስት ስም የተከፈተ ሒሳብ ሀብቱን ከትዳሩ አያወጣውም፤ የሠራችው ሥራ በስምዋ እንዲታይ ብቻ ያደርጋል። ይልቁንስ ቤት የሚያፈርሰው ማን ምን ያህል እንዳስገባ ሳይታወቅ ለመጠጥ የወጣው ገንዘብ መሆኑን የአገር ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የሚመሰክሩት ነው።

ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ያስፈልጋል። የማኅበር መሪዎች እጅ የሚገባበትም በር ይህ ነው። ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ሴት መታወቂያ ስትጠይቅ መሸኛ አምጪ ትባላለች፤ መሸኛውን ለማምጣት የአንድ ቀን መንገድ ሄዳ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ተብላ ትመለሳለች። ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በመዝገቡ የሰፈረው የሟቹ ስም ስለሆነ ስሙ እስኪዛወር ትጉላላለች። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተቋቋመው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ፣ አንድን ሰው የሚመዘግበው በራሱ አሻራና መልክ እንጂ በቤተሰብ ኃላፊ አይደለም፤ ባንኮችም ሒሳብ ሲከፍቱ ይህንኑ እንዲጠይቁ ደረጃ በደረጃ ተደርጓል። የፋይዳ መዝጋቢዎች ወደ ወረዳው በሚመጡበት ጊዜ አባወራው ብቻ ተጠርቶ ሚስቱ እቤት ከቀረች ግን አዲሱም መሣሪያ የአሮጌውን መዝገብ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። በየጎጡ ጥሪ ሲደረግ ባልና ሚስት አብረው እንዲመጡ መናገር ለአንድ ሊቀ መንበር ገንዘብ አያስወጣውም።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩም እንዲሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 አባልነትን ለአባወራ ብቻ አልወሰነም። በልማድ ግን አንድ ቤት አንድ አባል ይባልና የባል ስም ይጻፋል፤ በትርፍ ክፍያው ቀን የሚጠራውም እርሱ ነው። ማኅበሩ የበርበሬ ወይም የማር ሽያጭ በስልክ ክፍያ ቢያስጀምር ገንዘቡ የሚላክበት ቁጥር የአባሉ ቁጥር ስለሚሆን፣ ሴቶች አባል ካልሆኑ በራሳቸው ላብ የመጣው ገንዘብ ለመድረስ ሌላ ሰው እጅ ማለፍ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ የከተማዋን ነጋዴ እንደ አዲስ ደላላ አድርጎ የመኮነን አዝማሚያ ይታያል። ነገሩ በሚዛን መታየት አለበት። የቴሌግራም ገጽ የከፈተችው ሴት የኢንተርኔት ትከፍላለች፤ ማሸጊያ ትገዛለች፤ ገዥው አልወደድኩትም ብሎ የመለሰውን ዕቃ ኪሳራ ትሸከማለች፤ ሌሊት ለሚጽፍላት ሁሉ መልስ ትሰጣለች። ትርፍ ይገባታል። የማይገባው፣ አምራቿ ከተማ ውስጥ ዕቃው በስንት እንደሚሸጥ ሳታውቅ መቅረቷ ነው። ይህንን ደግሞ ስልኩ ራሱ ያፈርሰዋል፤ ዋጋው በገጹ ላይ ተጽፎ ለሁሉም ይታያልና። የገበያ ቀን ከመድረሱ በፊት ያንን ገጽ ከፍቶ ለሴቶቹ የሚያነብ አንድ ተማሪ ቢመደብ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሰዓት የሚጠብቀው ነጋዴ ጨዋታው ይለወጥበታል።

ሁሉም ምርት ግን ለዚህ ንግድ አይመችም። እህል ክብደቱ ከዋጋው ስለሚበልጥ የመጓጓዣው ወጪ ይበላዋል። እንቁላል ይሰበራል፤ ቅቤ በሙቀት ይፈሳል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ የተፈጨ በርበሬ፣ ቆሎ፣ ማር፣ ፈትልና ስፌት ግን በጆንያና በካርቶን ታሽገው ለአውቶቡስ ረዳት ሊሰጡ ይችላሉ፤ ተቀባዩ ከመናኸሪያ ያነሣቸዋል። ዛሬ አብዛኛው የገጠር ዕቃ ከተማ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ደረሰኝ የለውም፤ ዕቃው ከጠፋ ጠያቂም ተጠያቂም አይገኝም። የቻይና ገጠር በዚህ ረገድ የሚነግረን ነገር አለ። በዚያች አገር አንድ መንደር ታኦባኦ መንደር የሚባለው፣ ታኦባኦ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ በዓመት 10 ሚሊዮን ዩዋን ሽያጭ ሲያካሂድና ቢያንስ 100 የሚሠሩ ሱቆች ሲኖሩት ወይም ከመቶው ቤተሰብ አሥሩ ሲነግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የነበሩት ሦስት ነበሩ፤ በ2020 ቁጥራቸው 5,425 ደረሰ። በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ካኦ በተባለው ወረዳ በእርሻ ይተዳደሩ የነበሩ መንደሮች የመድረክ ልብስ እየሰፉ በመላ አገሪቱ ይሸጣሉ። ሆኖም ከሱቆቹ ጋር መንገዱ፣ መብራቱና ዕቃ አመላላሹ ድርጅትም መንደሩ ድረስ ደርሰዋል። ጥቅል ተቀብሎ ደረሰኝ የሚሰጥ በሌለበት ቦታ ፎቶግራፍ ብቻውን አይሸጥም።

የእምነት ጉዳይም ሳይነሣ የሚታለፍ አይደለም። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኘ የሚለው ወሬ ከተሜውን አስፈርቶታል። በፎቶግራፍ የሚገዛ ሰው ጣቱን ነክሮ አይቀምስም፤ ስለዚህ የሚገዛው ስም ነው። በጆንያው ላይ የመንደሩ ስም፣ ያደረቀችው ሴት ስም፣ ክብደቱና የታሸገበት ቀን ቢጻፍ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም በእርግጠኛ ሚዛን መዝኖ ማኅተሙን ቢያሳርፍበት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ማኅተሙ ግን ሌላ ኬላ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ ለማኅተም ብቻ ገንዘብ መጠየቅ ከተጀመረ ሴቶቹ ወደ ድሮው ገበያ ይመለሳሉ። አደራረቁም የዚሁ አካል ነው። በእርጥብ መሬት ላይ የተሰጣ ወይም ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሲፈጭም ሲበስልም በቀላሉ አይጠፋም። የአውሮፓ አገሮች በቅመማ ቅመም ላይ የዚህን መርዝ መጠን በሕግ ወስነዋል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማድረቅ የሚጠይቀው ጥቂት እንጨትና አሮጌ ሸራ ነው።

መብራት በሌለበት መንደር ስልክ የሚሞላው በገበያ ቀን፣ ከተማ ተወስዶ፣ ተከፍሎበት ነው። ከዚህ የባሰው ግን መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ነው። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በጦርነቱ ዘመን ስልክም ባንክም ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበር፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ሱቅ ያለው ነጋዴ መስመር ቢቋረጥ በሩን ከፍቶ ይቆያል፤ ሱቅዋ ስልክዋ የሆነች ሴት ግን ደንበኞችዋን በአንድ ቀን ታጣለች፤ መስመሩ ሲመለስም ገዥዎቹ ወደ ሌላ ሄደው ታገኛቸዋለች። እንዲህ ባለው ጊዜ የደንበኞችዋን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ያኖረች ሴት ቢያንስ በተራ ጥሪ ልታገኛቸው ትችላለች። ለዚህ ነው በስልክ የሚነግዱ ሴቶች የቆየውን የሳምንት ገበያ እርግፍ አድርገው እንዲተዉ መምከር የማይገባው።

ሌባውም አብሮ ዘምኗል። ብር ተልኮልሻል የሚል የሐሰት መልእክት ልኮ ዕቃ የሚወስድ፣ ከድርጅቱ ነኝ ብሎ ደውሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ሞልቷል። ዕቃ ከመላኩ በፊት መልእክቱን ብቻ ሳይሆን በሒሳቡ ያለውን ቀሪ ገንዘብ ማየት፣ የምስጢር ቁጥሩንም ለወኪልም ሆነ ለዘመድ አለመንገር በየእድሩና በየማኅበሩ ስብሰባ ሊነገር የሚገባው ነው። ብዙ ሴቶች የምስጢር ቁጥራቸውን የሚያስመቱት በወኪሉ እጅ መሆኑ በግልጽ የሚታይ አደጋ ነው። አኃዞቹን መለየትና መምታት በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነገር ነው።

የበርበሬው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ይገባል። የከተማው የባልትና ገበያ የሚሞቀው ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣው ትእዛዝ ደግሞ ከፋሲካ ሦስትና አራት ሳምንት ይቀድማል። መታወቂያ ለማውጣት፣ መሸኛ ለማስመጣትና ሲም ካርድ ለመውሰድ የሚጠፋው ጊዜ ሲታሰብ፣ በመጪው ምርት በራስዋ ስም ልትሸጥ የምትፈልግ ሴት ማመልከቻዋን ለቀበሌው ማስገባት ያለባት ክረምቱ ሳይወጣ፣ ሊቀ መንበሩም ሆነ ጸሐፊው ቢሮ በሚገኙበት ሰሞን ነው።